እግሬ ሥር የነበረው ሳጥን

«ቀጥሎ ማነው?» ብዬ ለምን ጠየቅኩ?

ሁለት ቃል ናት። ሰው ሁሉ ተራ በተራ ሲጠየቅ፣ ተራው እኔ ዘንድ ሲደርስ፣ እስክሪብቶዬን ከወረቀቱ ሳላነሳ፣ ቀና እንኳ ሳልል፣ «ቀጥሎ ማነው?» አልኩ።

ጥያቄውም እኔን ዘሎ ሄደ!

እዚህ ገጽ ላይ የምታውቁኝ ስለ መጻሕፍት ስጽፍ ነው። ነጠላ ሰረዝ ያለ ቦታዋ ያስቀመጠ ሰው ካለ ኮሜንት ውስጥ ገብቼ የማርም እኔ ነኝ። አዎ፣ ያቺ አስቸጋሪ ሴትዮ። ዛሬ ተራው የናንተ ነው፤ እኔን እረሙኝ።

(ታሪኩ ውስጥ ያለውን ሰይድን አስፈቅጄ ነው የምጽፈው። «ጻፊው፣ ግን መልኬን አሳምሪው» ብሎኛል። እሺ። ሰይድ መልከ መልካም ነው።)

ከመጀመሪያው ልነሳ።

በዚያን ጊዜ ቆቦ ውስጥ በአንድ የአትክልት አምራቾች ማኅበር ጸሐፊ ነበርኩ። ቃለ ጉባኤ እይዛለሁ፣ ደብዳቤ እጽፋለሁ፣ የገበያ ቀን ከቫኗ ጋር ወጥቼ ሽንኩርቱና ቲማቲሙ ሲራገፍ እቆጣጠራለሁ። ትምህርት የጀመርኩት ሁለት ልጅ ከወለድኩ በኋላ ነው። አሥረኛን ስጨርስ ትልቋ ልጄ ስምንተኛ ነበረች። ስለዚህ ብዕር ለኔ እንደ ሌላው ሰው ቀላል ዕቃ አይደለችም። ዘግይታ ስለመጣችልኝ አጥብቄ ነው የምይዛት።

ማኅበሩ ያገለገለች ነጭ ቫን ገዛ። ደህና ናት። ጎማዋ ደህና፣ ቀለሟ ደህና። አንድ ነገር ብቻ።

አውቶማቲክ ናት!

የኛ አገር ሰው ያኔ አውቶማቲክ የሥራ መኪና አልለመደም። በሩን ከፍቶ መጀመሪያ የሚያየው ወለሉን ነው።

«ፍሪሲዮኑስ?»

የለም።

«ታዲያ ማርሹን ማን ይቀይራል?»

ራሷ።

«ሱብሃነላህ!»

ሰይድ ሾፌራችን ነበር። ሃያ ስምንት ዓመት ገደማ ይሆነዋል፤ ከዚያ በፊት የኖረው የጭነት መኪና ላይ ነው። ዝምተኛ ነው፤ ሐሙስ ሐሙስ ቫኗን እንደ ሙሽራ ያጥባታል። የመጀመሪያው ሳምንት ግራ እግሩ የሌለ ፍሪሲዮን ሲፈልግ ከረመ። በሁለተኛው ሳምንት ግን እንቁላል ጭኖ ቢነዳ አንዱም አይሰበርም ነበር።

ከቫኗ ጋር አንድ ወፍራም የእንግሊዝኛ ማኑዋል መጣ። ማንም አልፈለገውም። እኔ ወሰድኩት። መዝገበ ቃላት ይዤ ስንት ቀን እንደፈጀብኝ አልነግራችሁም፤ ብቻ ጨረስኩት። ከዚያ ዋና ዋናውን በንጹሕ ጽሕፈት ገልብጬ፣ ላሚኔት አስደርጌ፣ ዳሽቦርዱ ላይ ለጠፍኩት።

ማንም ሳይጠይቀኝ!

«በቫኗ ውስጥ የተከለከሉ ነገሮች» ይላል ርእሱ። አሥራ አንድ ተራ ቁጥር አለው። ተራ ቁጥር ሰባት እንዲህ ይላል፦ «በቫኗ ወለል ላይ ማንኛውንም እርጥብ ነገር ማስቀመጥ ፈጽሞ ክልክል ነው።»

ፈጽሞ። ከሥሩም አስምሬበታለሁ።

አሁን ወደ እግሬ እንምጣ።

የራያን ቆላ በሚያዝያ ለማታውቁ ሰዎች ማስረዳት ያስቸግረኛል። የቫኗ ሞተር ደግሞ ያለው ከፊት ወንበሮች ሥር ነው። ከላይ ፀሐይ፣ ከታች ሞተር። ሾፌሩ እግሩን ያንቀሳቅሳል። ከጎኑ የምትቀመጠው ጸሐፊ ግን እግሯን ሰብስባ፣ መዝገቧን ታቅፋ፣ ቀስ ብላ ትበስላለች።

የቲማቲሙን ሳጥን በእርጥብ ጆንያ እንሸፍነዋለን። ውሃው ሲተን ቲማቲሙን ያቀዘቅዘዋል። ይሄን ሁሉም ገበሬ ያውቃል። አንድ ቀን ዋጃ ገበያ ስናራግፍ አንድ ጆንያ ተረፈ።

እርጥብ ነው። ታጥፏል። ቀዝቃዛ ነው።

አየሁት። እሱም ያየኝ መሰለኝ።

ጫማዬን አወለቅኩ።

ያ አላህ! እስቲ አትፍረዱብኝ። አርባ ዓመት ሙሉ እግር እንደነበረኝ ያወቅኩት ያን ቀን ነው።

ከዚያ በኋላ የገበያ ቀን በደረሰ ቁጥር የራሴን ጆንያ ባልዲ ውስጥ ነክሬ፣ ለአራት አጥፌ፣ ገና ሰው ሳይሰበሰብ ከፊት ወንበር ሥር አስገባዋለሁ። መንገድ ስንወጣ ጫማዬን አወልቃለሁ። ከተማ ስንገባ አጠልቃለሁ። ክብሬ እንደተጠበቀ ነው!

ሰይድ መጀመሪያ ቀን እግሬን አየ። ከዚያ ተራ ቁጥር ሰባትን አየ። ከዚያ እንደገና እግሬን አየ።

ከዚያ መንገዱን ማየት ጀመረ።

ያ ዝምታ ግን አላስቻለኝም። «ሰይድ፣ ይሄን ለማንም እንዳትናገር» አልኩት።

«ምኑን እትዬ ሉባባ?»

«ምኑን እንደሆነ ታውቃለህ። ማል!»

«ኧረ ለጆንያ መሐላ?»

«ማል አልኩህ!»

«ወላሂ፣ ለማንም አልናገርም» አለና ሳቀ።

እኔ አልሳቅኩም። ያን ሁሉ ክልክል የጻፈች ሴት በባዶ እግሯ እርጥብ ጆንያ ላይ ተቀምጣ መታየቷ ለኔ ቀልድ አልነበረም። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ሰይድ ሲምል እየቀለደ ቢሆንም መሐላው ቀልድ አልነበረም። በኛ አገር ወላሂ ብሎ ቀልድ የለም።

ሁለት ወር ያህል በደስታ ኖርን። እኔና እግሬ።

አንድ ቀን ከቆቦ ወደ ዋጃ ስንወጣ ቫኗ አንድ ማርሽ ላይ ደርቃ ቀረች። ሞተሩ ይጮኻል፤ እሷ አትሄድም። ዳሽቦርዱ ላይ አንዲት ቢጫ መብራት ብልጭ ድርግም ትላለች። ሰይድ አጠፋት፣ አስነሳት፤ ትንሽ ሄደች፤ እንደገና ደረቀች። ከቆምንበት ስንነሳ የአህያ ጋሪ ቀደመን። ጋሪው ላይ የተቀመጡት ሽማግሌ ዞር ብለው «እንግፋችሁ እንዴ?» አሉ።

አህያዋ እንኳ ዞራ ያየችን ይመስለኛል።

የቆቦው መካኒክ ከሥሯ ገብቶ ወጣና እጁን በጨርቅ ጠረገ። «ካምቢዮው ተበልቷል፤ ይውረድ። ሾፌሩ ነው የገደላት፤ እጁ የለመደው ፍሪሲዮን ያለው ነው» አለ።

ሰይድ ቀላ። እኔ ተናደድኩ። ልብ በሉ፤ እዚህ ጋ ንጹሕ ነኝ፤ ምንም አላውቅም። ማኑዋሉን ገልጬ «ካምቢዮው ከመውረዱ በፊት ማርሹን የሚያዘው ኮምፒውተር ይታይ ይላል» አልኩ። የማኅበሩ ኮሚቴ በመጽሐፍ ነገር ይፈራኛል። ከወልድያ ላፕቶፕና ገመድ ያለው ኤሌክትሪሺያን ተጠራ።

ሰውዬው ገመዱን ሰካ፤ ላፕቶፑ ላይ አንድ ኮድ ወጣ። ኮዱን ማኑዋሉ ውስጥ ፈለግኩ። «ከካምቢዮው ኮምፒውተር ጋር መነጋገር አልተቻለም» ይላል።

«አልኩ አይደል!» አልኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ኮርቼ አላውቅም።

«ጎበዝ እናት» አለ ኤሌክትሪሺያኑ። «እስቲ ሳጥኗ የት ጋ ናት ይላል መጽሐፍሽ?»

ገጹን ገለጥኩ። አምራቾቹ ከበውናል፤ የኮሚቴው ሊቀ መንበር አለ፤ ሰይድ አለ። ጮክ ብዬ አነበብኩ።

«ሳጥኗ የምትገኘው… ከፊት ተሳፋሪ… እግር ሥር… ከምንጣፉ በታች…»

ማኑዋሉን ታቀፍኩት።

ሰውዬው ምንጣፉን ገለጠ። የረጠበ ነገር ሽታ ወጣ። ሳጥኗ የተማሪ ደብተር ታህላለች። ሶኬቷን ሲነቅላት ሽቦዎቹ አረንጓዴ ሆነው ዝገዋል። ዘቅዘቅ ሲያደርጋት ውሃ ጠብ አለ።

ከጠርዟ ላይ አንዲት የጆንያ ቃጫ ተጣብቃ ነበር። በጣቱ ጠርጎ ጣላት። ለሱ ቆሻሻ ናት። እኔ ግን አወቅኳት።

«ውሃ ገብቷታል፤ ያውም ቀስ በቀስ፣ ብዙ ጊዜ» አለ። «ይቺ አትጠገንም። መቀየር ነው።»

የሰው ዐይን ሁሉ ወደ ሰይድ ዞረ። ሐሙስ ሐሙስ ቫኗን የሚያጥባት ማነው?

እንግዲህ ይሄኔ ነበር መናገር። አፌን ከፈትኩ። ሊቀ መንበሩ ቀደመኝና «ጥፋተኛው በአውጫጭኝ ይውጣ!» አለ።

አፌን ዘጋሁ።

አውጫጭኝን ለማታውቁ፦ የጠፋ ወይም የተበላሸ ነገር ሲኖር ሰዉ ሁሉ አንድ ቦታ ይሰበሰባል። ሽማግሌ ይቀመጣል። እያንዳንዱ በተራው ይጠየቃል፤ ያየ ያየሁ ይላል፣ ያላየ አላየሁም ብሎ ይምላል። ስሙ እንዲነሳ የማይፈልግ ሰው «ወፍ ነገረችኝ» ብሎ የሰማውን ይናገራል፤ ወፏ ማን እንደሆነች አይጠየቅም። ከብት ሲሰረቅ ሰምቼ ነበር። ለካምቢዮ ኮምፒውተር ሲደረግ ግን የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።

ከማኅበሩ መጋዘን ጥላ ሥር ተቀመጥን። ሽማግሌው ሼህ ይማም ነበሩ። ሳጥኗን መሃል ላይ ጨርቅ አንጥፈው አስቀመጧት። እንደ አስከሬን!

እኔ ጠረጴዛ ተሰጠኝ። ቃለ ጉባኤ እንድይዝ።

«አላየሁም፣ አልሰማሁም፣ ወላሂ» አለ አንደኛው። ጻፍኩ።

«እኔ እንኳን ውሃ ሲገባባት፣ ውሃ ሲጠጣባትም አላየሁ» አለች ሽንኩርት የምትለቅመዋ ከድጃ። ጻፍኩ።

«ወፍ ነገረችኝ፤ ሰይድ መታጠብ ይወዳል» አለ አንዱ።

«መታጠብማ አንተም ብትለምድ ጥሩ ነበር!» አለችው ከድጃ። ሳቅ ሆነ። ይሄንን አልጻፍኩም።

ተራው ሰይድ ዘንድ ደረሰ።

«ወላሂ፣ እኔ ውሃ አላስገባሁም። የማጥባት ከውጭ ነው» አለ።

«ያስገባውንስ አይተሃል?» አሉ ሼህ ይማም።

ሰይድ መሬቱን በስንጥር መጫር ጀመረ።

«ሰይድ ልጄ፣ አይተሃል ወይ?»

«አባባ፣ ይሄን አይጠይቁኝ። ቃል አለብኝ።»

ጉምጉምታ ተነሳ። አንዱ ከኋላ «ቃል ያለበት ከማን ጋር ነው? ከውሃው ጋር?» አለ። ሳቁ እስከ መንገዱ ተሰማ።

ሰይድ አልሳቀም። እኔንም አላየኝም። ቢያየኝ ኖሮ ምናልባት እናገር ነበር። ላለማየት ብሎ ወደ መጋዘኑ ቆርቆሮ አንጋጠጠ።

እኔ ምን አደረግኩ? ጻፍኩ! «ሰይድ፦ ‹ቃል አለብኝ› በማለት መልስ ሳይሰጥ ቀርቷል።» አራት ነጥቡን ሳይቀር አሳምሬ።

ከሰይድ አጠገብ የተቀመጥኩት እኔ ነበርኩ። ሼህ ይማም ፊታቸውን ወደኔ መለሱ። «እኔ ነኝ» ማለት እችል ነበር። እሱ ቢከብደኝ «ወፍ ነገረችኝ» ማለት እችል ነበር፤ ባህሉ ራሱ በር ከፍቶልኛል። ወፏ ግን ጉሮሮዬ ውስጥ ሞተች።

ያቺን ሁለት ቃል አልኩ።

ማንም አልገረመውም። የሚጽፍ ሰው እጅ ነው፤ አፍ አይደለም። እጅ ደግሞ አይምልም።

በመጨረሻ ሼህ ይማም «ነገሩ እስኪጠራ ሰይድ ቁልፉን ያስረክብ» አሉ። ሰይድ ተነሳ፤ ቁልፉን አምጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ፣ የከፈትኩት መዝገብ ላይ አስቀመጠው። ቀስ ብሎ። ቀለሙ እንዳይበላሽብኝ ነው መሰል።

(ቁልፉ ኋላ ተመልሶለታል። ልባችሁ እንዳይሰቀል ብዬ ነው።)

ምትክ ሳጥን ከአዲስ አበባ ታዘዘ። መጣ። ቁጥሩን ከአሮጌው ጋር አስተያየሁ። መጨረሻ ላይ ያለችው ፊደል ትለያለች።

«አንድ ፊደል ናት እኮ!» አለ ሊቀ መንበሩ።

«አንድ ፊደል ብትሆንም ስሟ አይደለም» አልኩ። መለስናት። ለአንዲት ፊደል ያን ያህል የምጠነቀቅ ሴት ለአንድ ሰው ስም… ይቅር። እናንተው ጨርሱት።

ትክክለኛዋ መጣች። ኤሌክትሪሺያኑ ሶኬቱን አጽድቶ፣ የዛጉትን ሽቦዎች ቀይሮ ሰካት። ባትሪውን መልሶ አሰረ። ሥራው አለቀ ብዬ ነበር። አላለቀም። አዲሷ ሳጥን ቫኗን አታውቃትም፤ ላፕቶፑ ከተሰካባት በኋላ ማርሽ በማርሽ፣ ከዝቅተኛው ጀምራ፣ ቀስ ብላ እየተነዳች መማር አለባት። እስክትማር ድረስ ትንገጫገጫለች።

«ትምህርት ዘግይታ ጀምራ ነው፤ ታገሷት» አልኩ። ለሷ አዘንኩላት እኮ! ለሳጥን!

ቫኗን ያስተማሯት አዲሱ ሾፌር አያ መኮንን ናቸው። ጡረታ የወጡ፣ እግዚአብሔርን የሚፈሩ፣ ከሃምሳ ኪሎ ሜትር በላይ የማይነዱ ሰው። በየጠዋቱ ሞተር ከማስነሳታቸው በፊት የለጠፍኩትን ወረቀት ጮክ ብለው ያነቡታል። ሰባት ላይ ሲደርሱ ይቆማሉ።

«ይቺ ተራ ቁጥር ሰባት ትልቅ ነገር ናት። ማነው የጻፋት?»

«እኔ ነኝ አያ መኮንን።»

«አዬ! ቢሰሙሽ ኖሮ!»

በየጠዋቱ! እኔ የጫማዬን ማሰሪያ ሁለት ጊዜ ቋጥሬ ከኋላ ወንበር እሰማለሁ።

ሰይድ ቆቦ መናኸሪያ አካባቢ ጭነት ማራገፍ ጀመረ። ሲያየኝ እንደ ወትሮው «እትዬ ሉባባ፣ ሰላም አደርሽ?» ይላል። ክፉ ቢናገረኝ ይቀለኝ ነበር። አንድ ቀን ጠጋ ብዬ «ሰይድ፣ ለምን አትናገርም?» አልኩት።

ጆንያውን ከትከሻው አወረደ። «ማል አልሽኝ፣ ማልኩ። መሐላው ያንቺ ነው፤ አንቺ ከፈታሽኝ ግን…»

«ኧረ ባሱ እንዳያመልጠኝ!» አልኩና ሮጥኩ።

ባሱ ወደ አላማጣ የሚሄድ ነበር።

ቤቴ ቆቦ ነው።

አላማጣ ድረስ ሄድኩ። አንድ ለስላሳ ጠጥቼ ተመለስኩ። ሳቁ፤ ፈቅጃለሁ።

ከዚያ ከድጃ ሽንኩርት እየለቀመች ለጓደኛዋ ስታወራ ሰማሁ። ሰይድ ጎብዬ ላይ የታጨችለት ልጅ አለች፤ ዘይነብ ትባላለች። ኒካሁ ከጾም በኋላ ሊታሰር ነበር። አባቷ ሐጂ እንድሪስ ግን «በአውጫጭኝ ያልጠራ ሰው ልጄን አይወስድም» ብለው ልከዋል።

«ታዲያ ሰይድ ምን አለ?» አለች ጓደኛዋ።

«ምን ይላል? ዝም።»

የያዝኩትን መጽሐፍ ዘጋሁ። አንዱን ገጽ አራት ጊዜ አንብቤው ኖሯል፤ አንድም ቃል አልገባኝም። ቁልፍ ይመለሳል፤ ሥራም ሌላ ይገኛል። ልጅቱ ለሌላ ከተዳረች ግን ማንም ኤሌክትሪሺያን ምትክ አያመጣላትም።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ጎብዬ በሚሄደው ባስ ተሳፈርኩ። በዚህኛው ዐውቄ ነው!

የምናገረውን በወረቀት ጽፌ ይዣለሁ። መግቢያ፣ ዋና ጉዳይ፣ ማጠቃለያ። ማን ነኝና ያለ ወረቀት የምናገረው?

ሐጂ እንድሪስን ደጃፋቸው ላይ የውሃ ፓምፕ ጎማ ሲጠግኑ አገኘኋቸው። ስሜን አያውቁም፤ መልኬንም አይተው አያውቁም። ደህና አደሩ፣ አልሀምዱሊላህ፣ ልጆች ደህና፣ አልሀምዱሊላህ፣ ከብቱ፣ አዝመራው፣ ዝናቡ። ሰላምታው ባያልቅ በወደድኩ። አለቀ።

ወረቀቱን አወጣሁ። ፊደሉ ሁሉ እንደ ጉንዳን ሄደብኝ። ከመግቢያው፣ ከዋናው ጉዳይና ከማጠቃለያው ውስጥ አንድ ቃል ብቻ ወጣ።

«እግሬ ነው።»

«አመመሽ እንዴ?» አሉ ደንግጠው። «ግቢ ልጄ፣ ግቢ አረፍ በይ! ሰዓዳ! ወንበር አምጪ!»

ሚስታቸው ወንበር አመጡ። ተቀመጥኩ። ከዚያ ሁሉንም ነገርኳቸው። ጆንያውን፣ ተራ ቁጥር ሰባትን፣ መሐላውን፣ ሳጥኗን፣ አውጫጭኙን፣ ያልኩትን፣ ያላልኩትን። አላማጣንም ሳይቀር።

ሐጂ የፓምፑን ጎማ ያዙ፣ መልሰው አስቀመጡት።

«ይሄ ልጅ ቁልፉን ሲነጥቁት፣ ሰው ሲስቅበት፣ እኔ ልጄን ስከለክለው፣ ያንቺን ነገር እያወቀ ነው ዝም ያለው?»

«አዎ።»

«ለጆንያ?»

«ስለማለ ነው።»

ሐጂ ወደ ሚስታቸው ዞሩ። «ሰማሽ? ለባዕድ ሴት ጆንያ አፉን እንዲህ የሚዘጋ የልጄንማ ገመና እንዴት አድርጎ ይይዝ ይሆን!»

«እኔስ መች ይቅርበት አልኩ?» አሉ ሰዓዳ። «የከለከልከው አንተ!»

ሐጂ ተነሱ፤ ጋቢያቸውን ጣል አደረጉ። «ተነሺ ልጄ። ሼህ ይማም ዘንድ እንሄዳለን። ለኔ ያልሽውን አውጫጭኙ ፊት ትደግሚዋለሽ።» በሩ ላይ ደርሰው ቆም አሉ። «ቃለ ጉባኤውን ግን ሌላ ሰው ይያዘው።»

ባስ ተሳፈርን። ለአንድ ሰው መናገር እንዲህ ከከበደኝ ለአውጫጭኙ እንዴት እሆናለሁ እያልኩ በመስኮት አያለሁ። ሐጂ ከፊቴ ተቀምጠዋል። ደስ ብሏቸዋል። ደስ ያለው ሰው ደግሞ ዝም አይልም።

«ይቺን ሴት ታያታለህ?» አሉት አጠገባቸው ያለውን ሰውዬ።

ያረቢ!

ሮቢት ከመድረሳችን በፊት ግማሹ ባስ ሰምቷል። ሮቢት የተሳፈሩትም አልቀረባቸውም። አንዷ «የቷ ናት?» ስትል ሰማሁ። ሰው ሁሉ ጎንበስ ብሎ እግሬን ያያል። ረዳቱ «ቃል መያዝ ማለት እንዲህ ነው!» እያለ ለሾፌሩ ያብራራል። ከኋላ አንዲት አሮጊት ተንጠራርተው ትከሻዬን ነካ አደረጉኝ።

«ልጄ፣ ግን እውነት ያቀዘቅዛል?»

አያችሁ፤ ሰው ሲዋረድ እንኳ ትክክለኛ መረጃ መስጠት አለበት።

«በጣም!» አልኩ።

ባሱ ቆቦ ሲገባ ሰይድ መናኸሪያው ላይ ጭነት ያራግፋል። ሐጂ ከባሱ ሳይወርዱ «ሰይድ!» ብለው ተጣሩ። ሰይድ ሐጂን አየ፤ ከኋላቸው እኔን አየ። ትከሻው ላይ ያለውን ጆንያ እንደተሸከመ ደርቆ ቀረ።

እኔ ወረድኩ። ፊት ለፊቱ ቆምኩ። ከዚህ በፊት ያላልኩትን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ልለው ፈለግኩ፤ አልሆነልኝም። ቀና ብዬ ግን አየሁት።

«ሰይድ፣ ከመሐላህ ፈትቼሃለሁ። ከዛሬ ጀምሮ ለፈለግኸው ሰው ተናገር።»

ሰይድ ወደ ባሱ ተመለከተ። ተሳፋሪው ሁሉ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ያየዋል። ረዳቱ «አንተ ነህ እንዴ? ማሻአላህ!» እያለ እጁን ያወዛውዛል። ከመናኸሪያው ባጃጅ ሾፌሮች ሁለቱ እግሬን እያዩ ይጠቋቆማሉ።

«አሁን ምኑን ልናገር እትዬ ሉባባ?» አለ። «ያልሰማ ማን ቀረ?»

እኔ ሰውን ከመሐላ የምፈታው የሚናገረው ነገር ሁሉ ካለቀበት በኋላ ነው። እስቲ ንገሩኝ፤ እንደኔ ቀጠሮ አክባሪ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ?